ምዕራፍ 4፦ «አየሁት» በስፓኒሽ

«አየሁት» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ማየቱ፣ ያየሁት እኔ መሆኔና የታየው ነገር ሦስቱም አሉ። ስፓኒሽም ይህንኑ በሁለት አጭር ቃላት ያደርጋል። በአገራችን ግን ስፓኒሽ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ስለሚመጣ መንገዱን ያረዝመዋል። ከአማርኛ ተነሥቶ በቀጥታ መሄድ ይቀላል።

ከባለቤቱ እንጀምር። «እናገራለሁ» ስንል «እኔ» ማለት አያስፈልገንም፤ ስፓኒሽም «አብሎ» ካለ ይበቃዋል። «አብላስ» ትናገራለህ፣ «አብላ» ይናገራል፣ «አብላሞስ» እንናገራለን፣ «አብላን» ይናገራሉ። «እናንተ» ላይ ስፔንና ኩባ ይለያያሉ። ስፔን ውስጥ «አብላይስ» የሚል የራሱ ግሥ አለው፤ በኩባ «ኡስቴዴስ አብላን» ይባላል። በ1970ዎቹ ኢስላ ዴ ላ ኹቤንቱድ በተባለችው የኩባ ደሴት የተማሩት ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በሶማሊያ ጦርነት ያጡ፣ የለመዱት ይህን ሁለተኛውን ነው።

በዚህ ሁሉ ግሡ ጾታ አይለይም። «አብላ» ይናገራልም ትናገራለችም ነው፤ «አብላስ» ለአንተም ለአንቺም ይሆናል። ጾታ የሚመጣው ከተሳቢው ጋር ነው። መተከል ዞን፣ ጉባ ወረዳ ደርሶ የተመለሰ ሰው «አባይን አየሁት» ቢል በስፓኒሽ «ሎ ቢ» ይሆናል፤ «ቢ» አየሁ፣ «ሎ» እሱን፤ ወንዝ («ሪዮ») ተባዕት ነውና። ያው ሰው በ2003 ዓ.ም. መጋቢት 24 መሠረቱ የተጣለውን፣ በ2017 ዓ.ም. ጳጉሜን 4 የተመረቀውን ግድብ «አየሁት» ሲል ግን «ላ ቢ» ማለት አለበት፤ ግድብ («ፕሬሳ») በስፓኒሽ አንስታይ ናት። አማርኛ በዚህ ነጻነት ይሰጣል፤ ግድቡን ያቆላመጠ ሰው «አየኋት» ቢል ማንም አያርመውም። ስፓኒሽ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ስም ከነጾታው ይጠናል።

«ሎ» ከግሡ ፊት ተነጥላ እንደምትቆም አስተውሉ፤ የእኛዋ «ት» ከኋላ ትለጠፋለች። በትእዛዝ ጊዜ ስፓኒሽም እንደ እኛ ከኋላ ይለጥፋል፦ «ዲሜ» ንገረኝ። ሲከለክል ግን «ሜ»ን ወደ ፊት ይመልሳታል፦ «ኖ ሜ ዲጋስ» አትንገረኝ።

አማርኛ ተናጋሪን በእውነት የሚያደክመው ሌላ ነገር ነው። የእኛ ግሥ አንድ ተሳቢ ብቻ ይሸከማል። «መጽሐፉስ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው «ሰጠኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ተቀባዩ ግሡ ላይ አለ፣ መጽሐፉ ግን በዝምታ ይታለፋል። ስፓኒሽ ሁለቱንም ይላል፦ «ሜ ሎ ዲዮ»፣ ተቀባዩ ቀድሞ፣ ነገሩ ተከትሎ። «ሎ»ን የዘለለ ሰው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰም።

በዚያ ላይ «አየው» እና «ሰጠው» ለእኛ አንድ «ው» ናቸው። ስፓኒሽ ይለያቸዋል፤ «ማንን?» ለሚለው መልሱ «ሎ» ወይም «ላ»፣ «ለማን?» ለሚለው «ሌ» ነው። «ሌ» ከ«ሎ» ጋር ሲገናኝ ወደ «ሴ» ይለወጣል፦ «ሴ ሎ ዲዮ»። ይህ ሰጠውም ሰጣትም ሰጣቸውም ሊሆን ይችላል፤ ተቀባዩ ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከጨዋታው ነው።

«ሌ» የእኛን «ለት» እና «በት» ሥራም ደርባ ትሠራለች። «ሌ አብሪዬሮን ላ ፕዌርታ» በሩን ከፈቱለት፤ «ሌ ሮባሮን ኤል ካባዮ» ፈረሱን ሰረቁበት። ጥቅሙንና ጉዳቱን የሚነግረን ግሡ ብቻ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ይበልጥ ጠንቃቃ መሆኑ ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

«ደስ ይለኛል» የሚለው አነጋገራችን ደግሞ በቀጥታ ያሻግረናል። «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ማለት ቡና ደስ ይለኛል ነው፤ «ሜ» የእኛው «ኝ» ናት። «ራሴን ያመኛል»ም «ሜ ድዌሌ ላ ካቤሳ» ይሆናል። እንግሊዝኛን ያስቀደመ ተማሪ «እኔ እወዳለሁ» ብሎ ራሱን ባለቤት ለማድረግ ይታገላል፤ በአማርኛ ያሰበው ትግሉ አይገጥመውም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይቀረዋል፦ የአሶሳን ማንጎ አንስቶ ሲያወራ፣ ማንጎዎቹ ብዙ ከሆኑ ግሡም ይበዛል፤ «ሜ ጉስታን ሎስ ማንጎስ»።