ምሬትን በውሃ ማውጣት፦ የወይራ ፍሬና የጎጃም ግብጦ

በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳርቻ ወይራ የሚታወቀው በፍሬው ሳይሆን በእንጨቱና በጭሱ ነው፤ በጭሱ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ይታጠናል፣ ቀንበጡ ለጥርስ መፋቂያ ይሆናል፣ ዛፉም በየአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ተጠብቆ ይኖራል። ፍሬው ግን ትንሽ፣ ሥጋው ስስ፣ ጣዕሙም መራራ በመሆኑ ለወፎች የተተወ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪዎች ይህን የአገር ወይራ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚለማው ወይራ ጋር የአንድ ዝርያ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች አድርገው ይመድቧቸዋል። በግእዝ «ዘይት» የሚለው ቃል ራሱ የወይራን ዛፍና ፍሬ የሚያመለክት ሲሆን፣ የዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት የተባለውም በኢየሩሳሌሙ የወይራ ተራራ ስም ነው።

በየሱፐርማርኬቱ በጠርሙስ የሚሸጠው የወይራ ፍሬም ቢሆን ከዛፍ እንደተቀጠፈ ሊበላ የሚችል አይደለም፤ ኦሊዩሮፔይን የተባለ ንጥረ ነገር በሥጋው ውስጥ ስላለ እጅግ ይመራል። አረንጓዴውና ጥቁሩ በብስለት እንጂ በዓይነት የማይለያዩ ሲሆኑ፣ ፍሬው እየበሰለ ሲሄድ ምሬቱ ቢቀንስም አብዛኛውን ጊዜ ፈጽሞ አይጠፋም። ምሬቱን ለማውጣት ከሁሉ የቀለለው መንገድ ፍሬውን ሰንጥቆ ወይም ቀጥቅጦ በውሃ መዘፍዘፍና ውሃውን በየቀኑ እየለወጡ ከሳምንት በላይ ማቆየት ነው። ሁለተኛው ከመቶ 8 እስከ 10 እጅ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ለወራት ማስቀመጥ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ምሬቱ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ሲወጣ ባክቴሪያዎች በፍሬው ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ አሲድነት ይለውጡታል፤ እርሾ ሊጡን እንደሚያኮመጥጠው ሁሉ ይህ አሲድ ፍሬውን ያኮመጥጠዋል፣ ከብልሽትም ይጠብቀዋል። የበሰለ ጥቁር ፍሬ ደረቅ ጨው ተነስንሶበት ውሃውን እስኪያወጣና እስኪጨማደድ ድረስም ይያዛል። ፋብሪካዎች በበኩላቸው ኮስቲክ ሶዳ በተባለ ጠንካራ ኬሚካል የወራቱን ሥራ በሰዓታት ይጨርሱታል፤ በቆርቆሮ የሚታሸገው ለስላሳ ጥቁር ወይራ በአብዛኛው በዚህ ኬሚካል ታክሞ፣ በአየር ጠቁሮ፣ በመጨረሻም በከፍተኛ ሙቀት የተቀቀለ ነው።

ጥሬ ምግብ ብቻ የሚመገቡ ሰዎች ከ40 እስከ 48 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሞቀውን እንደበሰለ ስለሚቆጥሩት፣ ወይራ ጥሬ ነው ወይ የሚለው ጥያቄያቸው የሚመለሰው ፍሬው በታከመበት መንገድ ነው። ምሬቱ በውሃ ወይም በጨው ብቻ የወጣለት ወይራ እሳት አልነካውምና ጥሬ ሊባል ይችላል፤ የቆርቆሮው ግን አይባልም፤ በጠርሙስ የታሸገውም ቢሆን ለማቆየት ሲባል ሞቆ ሊሆን ስለሚችል የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ያስፈልጋል። ጨውም ሊዘነጋ አይገባም፤ በጨው ውሃ የተያዘ አረንጓዴ ወይራ በ100 ግራም ውስጥ ወደ 4 ግራም የሚጠጋ ጨው ሲኖረው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው።

ምሬትን በውሃ የማውጣት ጥበብ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ በአዊና በምዕራብ ጎጃም፣ ሌላው ሰብል በማይስማማው አሲዳማና የተጎዳ መሬት ላይ ጭምር የሚበቅለው ግብጦ የተባለው ጥራጥሬ የሚዘጋጀው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ግብጦ ሉፓኒንን የመሰሉ አልካሎይድ የሚባሉ መራራና መርዛማ ንጥረ ነገሮች ስላሉት፣ ፍሬው ከተቆላ ወይም ከተቀቀለ በኋላ በወራጅ ውሃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም ቅርፊቱ ተልጦ ይበላል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው እሳቱ መርዙን የማያጠፋው መሆኑ ነው፤ የእሳቱ ሥራ ፍሬውን ገድሎ ውሃ እንዲዘልቀው ማድረግ ሲሆን፣ ምሬቱን አውጥቶ የሚወስደው ውሃው ነው። ይሁን እንጂ እሳት ስለነካው በማኅበረሰቡ ልማድ የተዘጋጀው ግብጦ ለጥሬ በላተኛ የሚሆን አይደለም፤ ምሬቱ ሳይወጣለት የተበላ ግብጦም አፍን ያደርቃል፣ ዓይንን ያደበዝዛል፣ ያዞራል።

ከደረቅ ክብደቱ ከሲሶ በላይ ፕሮቲን የሆነውንና የተዘራበትን መሬት በናይትሮጅን የሚያለማውን ይህን ሰብል የድሃ ምግብ ብሎ ማሳነስ ትልቅ በደል ነው። በጣልያንና በፖርቱጋል ግብጦ በጨው ውሃ ተይዞ እንደ ወይራ ፍሬ ለመጠጥ ማጣጫ ይቀርባል። በዚያም ሆነ በጎጃም ወንዝ ዳር ግብጦው መድረሱ የሚታወቀው አንዱን ፍሬ አንስቶ በመቅመስ ነው፤ ምላስ ላይ ጥቂት እንኳ ከመረረ ወደ ውሃው ይመለሳል።