ልብ የሚያንጠለጥሉ መጻሕፍትና የቤት ውስጥ ፍርድ

በዚህ ወር የማታውን ጊዜያችንን ልብ ለሚያንጠለጥሉ የወንጀል ምርመራ ታሪኮች ሰጥተን ነበርና፥ ከእነርሱ ያገኘነውን ትምህርት ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ወደድን። ዘመኖቹም እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

አሜሪካዊው ኤድጋር አላን ፖ በ1841 ባወጣው ታሪክ፥ በፓሪስ ከተማ እናትና ልጅ ተገድለው ቢገኙ፥ ገንዘብ ይዞ እናቲቱን እስከ ቤትዋ የሸኘው የባንክ ጸሓፊ ታሰረ፤ ገዳዩ ግን ከጌታው ያመለጠ ኦራንጉታን የሚባል አውሬ ነበረ።

እንግሊዛዊው ዊልኪ ኮሊንስ በ1868 በየሳምንቱ በመጽሔት ባሳተመው ልብ ወለድ ደግሞ፥ ከአንድ ትልቅ ቤት አልማዝ ቢጠፋ፥ ቀድሞ በስርቆት ታስራ የነበረችው ገረድ ተጠረጠረች። እርስዋ ግን አልወሰደችም፤ እውነቱም የተገለጸው ከሞተች በኋላ ነው።

አርተር ኮናን ዶይል በ1892 በጻፈው ታሪክም፥ የፈረስ አሠልጣኝ ሞቶ ቢገኝ፥ በዚያ ሌሊት በጋጣው አጠገብ የታየ እንግዳ ሰው ተያዘ። ሸርሎክ ሆልምስ ግን ውሻው በሌሊት አለመጮኹን አስተውሎ ነገሩን መረመረና ሰውየው ነጻ ሆነ።

በሦስቱም ታሪክ ጥርጣሬ አስቀድሞ የወደቀው በእጅ በተገኘው ሰው ላይ ነው። በየቤታችንም ቀለበት ከሣጥን ሲጠፋ መጀመሪያ የሚነሣው የሠራተኛ ስም ነው። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ይባላል፤ ነገር ግን የፈሰሰ እህል ይለቀማል እንጂ የፈሰሰ ስም አይለቀምም። ስለዚህ የቤት ጌታና እመቤት፥ ሣጥኑን ደግመው ሳይፈትሹና የተጠርጣሪውን ቃል ሳይሰሙ፥ ማንንም ሌባ ከማለት ሊጠበቁ ይገባል።