እንቅልፍ ያጣሁ መስሎኝ ነበር

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ምን ልውሰድ?» የምትሉኝ ስለበዛችሁ የራሴን ልንገራችሁ።

ጎረቤቴ እማማ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሲያገኙኝ «እንዴት አደርሽ ልጄ?» ይሉኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። አምና ከግንቦት እስከ ነሐሴ ይህን ስል ምስጋናው እውነት ነበር፤ ማደሩንም አድሬያለሁ። መተኛቱ ነው የቀረው።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። የሙያው ሰዎች ሰኔ 30 ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል እስከ ማታ 3 ሰዓት ቢሮ አመሻለሁ። ቤት ገብቼ ጋደም ስል ሰውነቴ ድቅቅ ብሏል፤ ጭንቅላቴ ግን ያልገጠመውን ቁጥር መደመሩን አይተውም። እንደምንም ቢወስደኝ እንኳ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልቤ ድው ድው እያለ እባንናለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ቅዳሴ እስኪደወል ጣሪያ ማየት ነው።

ሰኔ አለፈ፤ ሒሳቡም ተዘጋ። እንቅልፌ ግን አልተመለሰም። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሌሊቱን 4 ሰዓት ብቻ ተኝቼ፣ ዓይኔ ቀልቶ፣ ሶፋ ላይ ብጋደምም አልተኛም።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ያለችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም፦ «አንቺ ያጠረሽ እንቅልፍ ብቻ አይደለም። የበዛብሽ ንቃት ነው።»

ልዩነቱ ይሄ ነው። ለቅሶ ቤት ወይም ማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው በነጋታው ታክሲ ውስጥ እያንቀላፋ ጭንቅላቱን ከመስኮት ጋር ያጋጫል። ያ ሰው እንቅልፍ ተከልክሎ ነው፤ ዕድሉን ሲያገኝ ይተኛል። እንደ እኔ ያለው ግን ጨለማም አልጋም ጸጥታም ተሰጥቶት አይተኛም፤ ሰውነቱ ሃያ አራት ሰዓት ዘብ ቆሟል።

ዘብ የሚያቆሙት ደግሞ የውጥረት ሆርሞኖች ናቸው። አንጎል አደጋ ሲሸተው በነርቭ መስመር ከኩላሊት በላይ የተቀመጡትን አድሬናል እጢዎች ይቀሰቅስና አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ድው ድው የሚለው ያኔ ነው። አድሬናሊን በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ይጠፋል። ከኋላው የሚከተለው ኮርቲሶል ግን ችኮላ የለውም። ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ፣ ፒቱታሪ ለአድሬናል እጢ መልእክት ካቀበለ በኋላ ነው የሚመረተው፤ ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ግማሹ እስኪወርድ ብቻ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። አጥር የዘለለ ጅብም ሆነ ያልገጠመ ሒሳብ ለዚህ መስመር ያው ነው።

ኮርቲሶል ግን ጠላት እንዳይመስላችሁ። እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ነው፤ ኮርቲሶልም ቀኑን የሚጀምረው እዚያው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ለሚነሳ ሰው፣ ከነቃ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ እየወረደ እኩለ ሌሊት አካባቢ ወለል ላይ ይደርሳል። ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ ለሚመጣው ቀን ቀስ እያለ መውጣት ይጀምራል። እንቅልፍም በዚያ ሰዓት ቀለል ይላል። ሰላም ያለው ሰው ገልበጥ ብሎ ይቀጥላል፤ ውጥረት ያለበት ሰው ትንሽ ብቅ ካለ ጨርሶ ይነቃል።

ይህን በላብራቶሪ ያዩት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 11 እንቅልፍ እጦት ያለባቸውን ወጣቶች ከ13 ጤነኞች ጋር አነጻጸሩ። የእንቅልፍ እጦት ያለባቸው ሰዎች ኮርቲሶል በሃያ አራት ሰዓቱ በድምሩ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የጎላው ደግሞ ማታና በሌሊቱ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ማለትም መውረድ በነበረበት ሰዓት ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩትም ሁሉ አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም። ሆኖም የእኔን የቅዳሜ ከሰዓት ሶፋ ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ የለም።

ነገሩ ወደ ኋላም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት ጤነኛ ወጣት ወንዶችን አንድ ሌሊት እንቅልፍ ከለከለ። በማግስቱ ከምሽቱ 12 እስከ 5 ሰዓት ኮርቲሶላቸው ከቀደመው ምሽት በ45 በመቶ ከፍ አለ። 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉት ኮርቲሶልም በ37 በመቶ ጨመረ። ውጥረት እንቅልፍ ይነሳል፤ የእንቅልፍ ማነስ በፈንታው የነገውን ማታ ያወጥራል። ሒሳቡ ተዘግቶም የእኔ ሌሊት ያልተዘጋው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሐምሌ ሲገባ አልጋዬ ራሱ ማስፈራሪያ ሆኖብኝ ነበር፤ ትራሱን ሳየው ልቤ ይመታል።

«ኮርቲሶሌን ልለካ?» አልኳት ሐኪሟን። አያስፈልግም አለችኝ። የኮርቲሶል ምርመራ እንደ ኩሺንግ እና አዲሰን ላሉ የእጢ በሽታዎች ነው፤ አንድ ጊዜ የተቀዳ ደም የሌሊት ጭንቀትን አይናገርም። ስለዚህ ቲክቶክ ላይ «ኮርቲሶል የሚያጥብ» እየተባለ ለሚሸጠው ዱቄት ብራችሁን አታውጡ።

ያደረግኩት እነዚህን አራት ነገሮች ነው፦

1. የመነሻ ሰዓቴን ቆረጥኩ። ሌሊቱ እንዴትም ይለፍ፣ እሑድም ቢሆን 11 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ።

2. አልጋ ላይ የምቆይበትን ጊዜ አሳጠርኩ። ቀድሞ «ምናልባት ይወስደኛል» ብዬ ከማታው 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እጋደም ነበር። በሐኪሟ ምክር ወደ 5 ሰዓት ተኩል ገፋሁት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መከራ ነበሩ። ሹፌር ከሆናችሁ፣ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ካለባችሁ ይህን በራሳችሁ አትሞክሩት።

3. ካልወሰደኝ እነሳለሁ። ሳሎን ሄጄ በደብዛዛ መብራት ልብስ አጥፋለሁ፤ ስልክም ሰዓትም አላይም። እንቅልፍ ሲጫነኝ ብቻ እመለሳለሁ። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1972 ያቀረበው ሪቻርድ ቡትዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ዓላማው አልጋና ንቃት የተላመዱትን ማለያየት ነው።

4. የከሰዓቱን ቡና ተውኩ። ካፌይን በአማካይ በ5 ሰዓት ግማሹ ይወርዳል። 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ስኒ ማታ 3 ሰዓት ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሩቡ አለ ማለት ነው። ከባዱ ለእማማ መንገሩ ነበር። «በረካ ሳትጠጪ?» ብለው ተቀየሙኝ። አሁን ቅዳሜ ቡናው ጠዋት ይፈላል፤ ታርቀናል።

የእነዚህ ስብስብ ለእንቅልፍ እጦት የተዘጋጀ የባህሪና የአስተሳሰብ ሕክምና አካል ነው። የአሜሪካ የሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሥር የሰደደ እንቅልፍ እጦት ከመድኃኒት በፊት እንዲሞከር የመከረው ይህንኑ ነው። እኔ ለውጥ ያየሁት በአምስተኛው ሳምንት ነው። ዛሬም ሰኔ ሲመጣ ሁለት ሦስት ሌሊት ይበላሻል፤ ግን አልደነግጥም፤ ስለማልደነግጥም አይከርምም።

አደራ የምላችሁ፣ ከጓደኛ ዲያዜፓም ተቀብላችሁ አትዋጡ፤ ሰውነት ይለምደዋል፤ መተዉም ይከብዳል። መጠጥም ቶሎ ያስተኛል እንጂ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ይቀሰቅሳል። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የምትወስዱ ከሆነ፣ እነሱ የኮርቲሶል ዘመዶች ናቸውና የምትወስዱበትን ሰዓት ሐኪማችሁን ጠይቁ። የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ደግሞ ችግሩ ሌላ ስለሆነ ይመርመር።

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ያህል እንቅልፍ ከከዳችሁ ሥር ሰዷልና አትቆዩ። «እንዴት አደርሽ?» ላለ ጎረቤት ሁሉ ሌሊታችሁን መዘርዘር የለባችሁም። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ግን «ደህና» አትበሉ።