የሌሊት ትራንዚት፤ ሻንጣችን የት ያድራል?

በለቡ ወደሚገኘው ቢሮአችን ከየአጥቢያውና ከየፕሮጀክቱ የሚመጡ መንገደኞች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁን ስለ ስብሰባው ወይም ስለ ሥልጠናው አይደለም። «በመካከል አድረን ስንሄድ ሻንጣችን ከእኛ ጋር ይወጣል ወይስ እዚያው ያድራል? ለማደር ከወጣንስ ቪዛ እንጠየቃለን?» ይሉናል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን ሳያውቁ የተነሡ ሰዎች ያለ መድኃኒታቸው አድረዋል፤ ከቦሌ በር የተመለሱም አሉ። ስለዚህ በዚህ እትም ነገሩን ዘርዘር አድርገን ለማስረዳት ወደናል።

በመጀመሪያ በመንገድ ላይ ማደር ለምን እንደሚመጣ እንመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው በ1945 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጀመሪያውን የመንገደኞች በረራ ያደረገው ሚያዝያ 8 ቀን 1946 እ.ኤ.አ. ወደ ካይሮ ነበር። በዚያን ጊዜ አውሮፕላኖች የሚነሡት ከልደታ ሜዳ ነው፤ ቦሌ የተሠራው የጄት ዘመን ሲመጣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው። ዛሬ በቦሌ በረራዎቹ እንደ ማዕበል በሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ። ጠዋት ከአውሮፓ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የመጡት ያርፋሉ፤ ወዲያው ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት ይነሣሉ። ማታ ደግሞ የአፍሪካዎቹ ይመለሳሉ፤ በሌሊት የሩቅ አገሮቹ ይነሣሉ። እንግዲህ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ የሚያልፍ ሰው ጥቂት ሰዓት ጠብቆ ይሄዳል። ከአክራ ተነሥቶ ዳሬሰላም የሚሄደው ግን ማታ ደርሶ የጠዋቱን ማዕበል መጠበቅ አለበት። ከጅማ ወይም ከጋምቤላ በአገር ውስጥ በረራ ከሰዓት በኋላ መጥቶ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጎረቤት አገር የሚሄደው ሠራተኛችንም እንዲሁ ነው። ከድሬዳዋ በባቡር ለቡ ጣቢያ ወርዶ በማግሥቱ የሚበርረው ግን ሻንጣው በእጁ ስለሆነ ይህ ጥያቄ የለበትም፤ እርሱ ብቻ እፎይ ብሎ ይተኛል።

አሁን ወደ ሻንጣው እንምጣ። ሻንጣችንን በተቀበሉን ጊዜ በመያዣው ላይ የሚጠመጠመው ረጅም ወረቀት ታግ ይባላል። በላዩ ላይ ሦስት ሦስት ፊደል ያላቸው የከተማ ምልክቶች ይታያሉ፤ አዲስ አበባ ኤ ዲ ዲ፣ ናይሮቢ ኤን ቢ ኦ፣ ዱባይ ዲ ኤክስ ቢ ነው። በትልቁ የተጻፈው ምልክት ሻንጣው የሚደርስበት የመጨረሻው ቦታ ነው። ትልቁ ፊደል ናይሮቢን የሚያመለክት ከሆነ ሻንጣው አዲስ አበባ ላይ ለእኛ አይሰጠንም፤ እኛ ሆቴል ብናድር እርሱ በአየር መንገዱ እጅ ያድራል። ትልቁ ፊደል አዲስ አበባ ከሆነ ደግሞ ወጥተን መቀበልና በማግሥቱ እንደገና ማስረከብ የእኛ ፋንታ ነው። በታጉ ላይ 10 አኀዝ ያለው ቁጥርም አለ፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ያሉት አኀዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ የኢትዮጵያ 071 ነው። የዚህ ቁጥር ቁራጭ ከቦርዲንግ ካርዱ ጋር ይሰጠናል። ብዙዎች ይህን ቁራጭ ጨምድደው ሲጥሉት አይተናል። ሻንጣው ቢጠፋ ግን ዋናው ምስክራችን እርሱ ነው።

ታጉን ማንበብ ያለብን ከመቀበያው ባንኮኒ ሳንርቅ ነው። ሌሊቱን በሻንጣችን መጠቀም ከፈለግን ሠራተኛውን «እስከ አዲስ አበባ ብቻ ታግ አድርጉልኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የማደሪያው ጊዜ ረጅም ሲሆን ብዙውን ጊዜ ይፈቅዳሉ፤ ግዴታ ግን የለባቸውም። ከመጠየቃችን በፊት ወደ አገሩ ለመግባት የሚያስችል ፈቃድ እንዳለን እናረጋግጥ። ሻንጣ የሚሰጠው ከኢሚግሬሽን ወዲያ፣ ከጉምሩክ ወዲህ ነውና።

ከዚህ ሁሉ የከፋው በሁለት ትኬት መጓዝ ነው። ረከሰ ተብሎ አንዱ መንገድ ከአንድ አየር መንገድ፣ ሁለተኛው ከሌላ ለብቻው ይገዛል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው አየር መንገድ ሻንጣውን ለሁለተኛው የማስተላለፍ ግዴታ የለበትም፤ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይም ሁለተኛው አይጠብቅም። መንገደኛው በመካከል ባለው አገር ኢሚግሬሽን አልፎ፣ ሻንጣውን ተቀብሎ፣ በጉምሩክ ወጥቶ፣ እንደ አዲስ መንገደኛ መግባት ይኖርበታል። የመግቢያ ቪዛ ከሌለው ደግሞ መጀመሪያውኑ ከቦሌ አያሳፍሩትም። ለየፕሮጀክቱ ሒሳብ ያዦች በግልጽ እንናገር፤ በትኬቱ ላይ የተቀነሰው ብር በዚህ መንገድ እጥፍ ሆኖ ሲወጣ አይተናልና ትኬቱ አንድ ይሁን።

ከጅማ የመጣች አንዲት የጤና ሠራተኛ እኅታችን የስኳር ሕመምተኛ ናት። ትኬቷ እስከ ናይሮቢ አንድ ስለነበረ ሻንጣዋ በቀጥታ ታግ ተደርጎለት ነበር፤ ኢንሱሊኑ ግን በሻንጣው ውስጥ ነው። ለማደር ለቡ ወደ እንግዳ ማረፊያችን በትንሽ ቦርሳ ብቻ መጣች። መርፌ የምትወስድበት ሰዓት ሲደርስ ነገሩን ተረዳች። ባልደረቦቻችን በዚያ ሌሊት ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞረው ነው ያገኙላት። እስኪመለሱ ድረስ ከእርስዋ ጋር የተቀመጡት እኅቶች ያቺን ሌሊት አይረሷትም።

ስለዚህ የሚወሰድ መድኃኒት ሁሉ፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ኢንሱሊን በዕቃ ክፍሉ ቅዝቃዜ ሊበላሽም ይችላል። በእጅ ቦርሳ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይፈቀድም የሚለው ደንብ ለታዘዘ መድኃኒት አይሠራም፤ ሲፈተሹ አውጥቶ ማሳየት ነው። ማርና ቅቤ ግን በዚህ ደንብ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራሉ። የስልክ መሙያ ባትሪም እንዲሁ በእጅ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። ፓስፖርት፣ ገንዘብ፣ መነጽር፣ አንድ ቅያሪ ልብስና የማግሥቱ የቦርዲንግ ካርድ ከእኛ አይለዩ።

ኢሚግሬሽንን በሚመለከት፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው አዲስ አበባ ላይ ወጥቶ ለማደር ቪዛ አያስፈልገውም። የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ያላቸው ወገኖቻችንም ያለ ቪዛ ይገባሉ። ከሌላ አገር የምንቀበላቸው እንግዶች ግን ከትራንዚት አዳራሹ ለመውጣት ፈቃድ ያሻቸዋል። ቪዛ በኢንተርኔት ማመልከት የተጀመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አፍሪካውያን ሁሉ እዚሁ ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ተወሰነ። ደንቡ ስለሚለዋወጥ እንግዳው ከመነሣቱ በፊት ከኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ይጣራ። አየር መንገዱ የሚያሳድራቸው መንገደኞች በትራንዚት ጠረጴዛ ቦርዲንግ ካርዳቸውን አሳይተው የሆቴል ወረቀት ይቀበላሉ። ሲሠራበት የቆየው ደንብ ቆይታው ከ8 እስከ 24 ሰዓት ሲሆንና ከዚያ የሚቀድም በረራ ሳይኖር ነው። ለሁሉም ዓይነት ትኬት ስለማይሆን ትኬቱ ሲገዛ «ማደሪያ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እኛ ወደ ውጭ ስንወጣ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በአውሮፓ የሸንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ ለማለፍ፣ ከአዳራሹ ባይወጣም እንኳ፣ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። እንግሊዝም እንዲሁ ትጠይቃለች። የአሜሪካ፣ የካናዳ ወይም የአንዳንድ አገሮች ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ከዚህ ነጻ የሚሆኑበት ሁኔታ አለ፤ በወሬ ሳይሆን በኤምባሲው ይረጋገጥ። በአሜሪካ ደግሞ በመጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ሻንጣን ተቀብሎ በጉምሩክ ማሳለፍና ወደ ቀጣዩ ከተማ እንደገና ማስረከብ ግዴታ ነው። ታጉ እስከ መጨረሻው ከተማ ቢልም ነገሩ አይለወጥም። ሽማግሌዎቻችን ዋሽንግተን ላይ ሻንጣው በራሱ ይሄዳል ብለው እንዳይቀመጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አይረሳ፤ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

የሰዓት አቆጣጠራችን ብዙ ሰው አስቀርቷል። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው። ትኬቱ «ማርች 15፣ 00:45» ካለ በእኛ አነጋገር የመጋቢት 5 ሌሊት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ45 ማለት ነው። መንገደኛው ማርች 14፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ገደማ ቦሌ መድረስ አለበት። ማርች 15ን በመጋቢት 6 ቆጥሮ በዚያ ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑ መሽቷል። እንዲሁም 20:30 ደርሶ 08:15 የሚነሣ መንገደኛ በእኛ ከምሽቱ 2:30 ገብቶ ከጠዋቱ 2:15 ይሄዳል፤ «ከ2 እስከ 2» ሲባል የሚያድር አይመስልም። ለእንግዳ መኪና የሚልኩ ሠራተኞች ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉልን።

አደራን በሚመለከት ዝም ማለት አንችልም። አንድ ሰው ውጭ ሊሄድ ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ጥቅል ይዞ ይመጣል፤ እንቢ ማለትም ነውር ይመስላል። ነገር ግን በመቀበያው «ሻንጣህን ራስህ አሽገሃል ወይ?» ተብለን እንጠየቃለን፤ በውስጡ ለሚገኘው ነገር ሁሉ ተጠያቂው ባለ ታጉ ነው። ጫት በአሜሪካ የተከለከለ ነው፤ በእንግሊዝም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተከልክሏል። ወደ አውሮፓ የግል ሥጋና የወተት ውጤት አይገባም፤ ቋንጣውም ቅቤውም በዚህ ውስጥ ነው። ጥቅሉን ፊት ለፊት አስፈትቶ አይቶ ራስ ማሸግ፣ አልፈታም ያለውን መመለስ ነው። በቡድን ስትሄዱም የሁሉን ሻንጣ በአንድ ሰው ስም አታስመዝግቡ፤ ያ ሰው ቢታመም ወይም ቢቀር የሁሉም ዕቃ ከእርሱ ጋር ይቀራል።

ሻንጣው ሳይመጣ ቢቀር ከአዳራሹ ከመውጣታችን በፊት በሻንጣ አገልግሎት ጠረጴዛ እናስመዝግብ። የሚሰጠን ወረቀት የከተማው ምልክት፣ የአየር መንገዱ ምልክትና አምስት አኀዝ ያለበት መለያ አለው፤ ፍለጋው የሚካሄደው በዚያ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት ለተበላሸ ዕቃ አቤቱታ በ7 ቀን ውስጥ፣ ለዘገየ ሻንጣ ከተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። በ21 ቀን ያልተገኘ ሻንጣ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። የካሣው ጣሪያ ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስ ዲ አር ነው፤ ይህ የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ሲሆን ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሻንጣው ሲዘገይ ለሳሙናና ለቅያሪ ልብስ ያወጣችሁትን ደረሰኝ ከታጉ ቁራጭ ጋር ይዛችሁ ለቡ ብትመጡ አቤቱታውን አብረን እንጽፋለን።