የካውንቲ የሞት መዝገብና ዜና ዕረፍት በትውልድ ሐረግ ጥናት

በዩናይትድ ስቴትስ የልደትና የሞት ምዝገባ የፌደራሉ መንግሥት ሥራ ሆኖ አያውቅም። ሥልጣኑ የክፍለ ግዛቶች ሲሆን፣ ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶችም እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ ሥራውን ሳይጀምሩት ወይም ለካውንቲዎች ትተውት ቆይተዋል። ካውንቲ ከክፍለ ግዛት በታች ያለ፣ የራሱ ፍርድ ቤትና መዝገብ ያዥ ያለው የአስተዳደር እርከን ሲሆን፣ በሉዊዚያና ፓሪሽ፣ በአላስካ ደግሞ ቦሮ ይባላል፤ በመላ አገሪቱ ያሉትም ከ3,000 ይበልጣሉ። ስለዚህም የቅድመ አያቱን ዱካ የሚከተል ሰው ሟቹ መቼ እንደሞተ ከመጠየቁ በፊት የት እንደሞተ ማጣራት ይኖርበታል፤ ሞት በአብዛኛው የሚመዘገበው ሟቹ በተወለደበት ወይም በኖረበት ሳይሆን ነፍሱ በወጣችበት ካውንቲ ነውና። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ካውንቲ ሲያርስ የኖረ ገበሬ በስተርጅናው ከሴት ልጁ ዘንድ ተጠግቶ ወይም በጎረቤት ካውንቲ ሆስፒታል ተኝቶ ካረፈ መዝገቡ ያለው በዚያው ነው፤ ባዶ እጃቸውን ከሚመለሱት ፈላጊዎች ብዙዎቹ መንገዱን የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው።

ምዝገባው የተጀመረበት ዘመን ከቦታ ቦታ እጅግ ይራራቃል። ማሳቹሴትስ በ1841 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በክፍለ ግዛት ደረጃ ስትጀምር ጆርጂያ እስከ 1919 ቆይታለች፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ከ1853 ጀምሮ ስትመዘግብ ኖራ በ1896 አቋርጣ የቀጠለችው በ1912 ስለሆነ፣ በመካከሉ ለሞቱት ሰዎች የምስክር ወረቀት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የፌደራሉ የሕዝብ ቆጠራ መሥሪያ ቤት አስተማማኝ ምዝገባ ያላቸውን ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች ከ1880 ጀምሮ በአንድ የሞት ምዝገባ ቀጣና ሲያሰባስብ ቆይቶ፣ ቴክሳስ ገብታ ቀጣናው የተሟላው በ1933 ነው።

የካውንቲ መዝገብ ምን እንደሚመስል ኦሃዮ ጥሩ ማሳያ ትሆናለች። በዚያች ክፍለ ግዛት ከ1867 እስከ ታኅሣሥ 19 ቀን 1908 ድረስ ሞት ይመዘገብ የነበረው በየካውንቲው የውርስ ጉዳይ ፍርድ ቤት ነበር፤ ይህ ፍርድ ቤት ኑዛዜ የሚያጸድቅ፣ የሟችን ንብረት የሚያስከፋፍልና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ሞግዚት የሚሾም ችሎት ነው። መዝገቡ ግራና ቀኙ ገጽ አንድ ላይ የሚነበብ ትልቅ ጥራዝ ሲሆን፣ በአንድ መስመር ላይ የሟቹ ስም፣ የሞተበት ቀን፣ ያገባ ወይም ያላገባ መሆኑ፣ ዕድሜው፣ የሞተበትና የተወለደበት ስፍራ፣ ሥራው፣ የወላጆቹ ስም፣ የቆዳው ቀለም፣ የሞቱ ምክንያትና ያስመዘገበው ሰው በተርታ ይሰፍራሉ። አብዛኛውን መረጃ ያመጣ የነበረው ግን ሐኪም ሳይሆን የግብር ገማቹ ነው። ገማቹ በዓመት አንድ ጊዜ ለንብረት ግምት ቤት ለቤት ሲዞር በቤቱ የተወለደና የሞተ ሰው መኖሩን እግረ መንገዱን ይጠይቅ ስለነበር፣ ከእርሱ መምጣት በፊት ቤቱን ዘግቶ የሄደ ቤተሰብ ሟቹን ሳያስመዘግብ ይቀራል፤ የተመዘገበውም ቢሆን ከወራት በኋላ ከትዝታ የተነገረ ነው።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ዕድሜው በዓመት፣ በወርና በቀን ተለይቶ የተጻፈበት ዓምድ ነው። ለምሳሌ መጋቢት 14 ቀን 1889 በ62 ዓመት ከ4 ወር ከ9 ቀኑ ሞተ የተባለ ሰው ዓመቱ፣ ወሩና ቀኑ በየተራ ሲቀነሱ ኅዳር 5 ቀን 1826 እንደተወለደ ይደረስበታል። የልደት ምዝገባ በሌለበት ዘመን የተወለደን ሰው ቀን በዚህ መንገድ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ስሌቱ ከነጋሪው ትዝታ የበለጠ እውነት ሊሆን አይችልም።

ከታኅሣሥ 20 ቀን 1908 ወዲህ ኦሃዮ ለእያንዳንዱ ሟች የተለየ የምስክር ወረቀት ማዘጋጀት ጀመረች። ይህ ሰነድ የብዙ ሰዎች ቃል የተሰበሰበበት እንጂ የአንድ ሰው ምስክርነት አይደለም። የሞቱን ቀንና ምክንያት የሚሞላው ሐኪሙ ወይም ድንገተኛ ሞትን የሚመረምረው ኮሮነር የተባለው የካውንቲ ሹም ነው፤ የቀብሩን ቦታና ቀን ቀብር አስፈጻሚው ያረጋግጣል፤ የልደቱን ቀን፣ የአባቱን ስምና የእናቱን የትውልድ ቤተሰብ ስም የሚሰጠው ግን አስመዝጋቢው፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ከሐዘን ላይ ተነሥቶ የሚጠየቅ የቤተሰብ አባል ነው። አስመዝጋቢው የሟቿ እኅት ከሆነች የወላጆቹን ስም ከራሷ ሕይወት ታውቀዋለች፤ አማች ወይም የልጅ ልጅ ከሆነ ግን የሚናገረው ሲባል የሰማውን ነው። ብዙ የትውልድ ሐረግ ሠንጠረዦች ከዚህ ወረቀት ላይ የሟቹን መስመሮች ብቻ ቀድተው የአስመዝጋቢውን ስም ይዘሉታል፤ የሌሎቹ መስመሮች ክብደት የሚለካው ግን በእርሱ ማንነት ነው።

ዜና ዕረፍት፣ ማለትም የአካባቢ ጋዜጣ ስለ ሟቹ የሚያወጣው ጽሑፍ፣ ከመንግሥት መዝገብ የጎደለውን ይሞላል። በኢትዮጵያ በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚያስታውስ ሲሆን፣ ምስጋናው በዝቶ ነቀፌታው የሚጠፋው በሁለቱም ነው። ለአጥኚው ዋናው ቁም ነገር በሕይወት የቀሩት ዘመዶች ዝርዝር ነው፤ የትኛው ወንድም ወደ ካንሳስ እንደሄደ፣ የትኛዋ ልጅ ማንን አግብታ በየት ከተማ እንደተቀመጠች የሚገኘው በዚህ ስለሆነ ከአንዱ ካውንቲ ወደሌላው ድልድይ ይሆናል። ችግሮችም አሉት። በቀደመው ልማድ ያገባች ሴት በባሏ ስም ትጠራ ስለነበር፣ ሚሲስ ጆን ስሚዝ ተብላ የሞተች ሴት የራሷ ስም ጭራሽ ላይጠቀስ ይችላል፤ ባለፈው ማክሰኞ አረፈ የሚል ዜና ሲገኝም ቀኑ የሚቆጠረው ከጋዜጣው መውጫ ቀን ወደኋላ ነው። እንደ ሲንሲናቲ ባሉ ጀርመናውያን ስደተኞች በበዙባቸው ከተሞች ደግሞ በእንግሊዝኛው ጋዜጣ ሁለት መስመር ያልተሰጠው ሰው በጀርመንኛው ሰፊ ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል፤ ሙለር የነበረው ስምም በካውንቲው መዝገብ ሚለር ሆኖ ይገኛል።

የነጮቹ ጋዜጦች የጥቁር አሜሪካውያንን ዕረፍት ለብዙ ዘመን እምብዛም አያወጡም ነበር፤ ቢያወጡም ለብቻው በተከለለ ዓምድ ነው። ስለሆነም በ1892 የተመሠረተው የባልቲሞሩ አፍሮ አሜሪካንና በ1905 የተመሠረተው ቺካጎ ዲፌንደር የተባሉት የጥቁር አሜሪካውያን ጋዜጦች ከሩቅ ደቡብ ከተሞች ሳይቀር የሚላክላቸውን ዜና ያትሙ ስለነበር፣ ፍለጋው ከሟቹ ካውንቲ ወጥቶ እስከነዚህ መሄድ አለበት።

መዝገቡ ራሱ የማይኖርበት ጊዜም አለ። የ1871ዱ የቺካጎ ቃጠሎ የኩክ ካውንቲን መዛግብት አውድሟል፤ በመጋቢት 1884 በአንድ የፍርድ ውሳኔ የተቆጣ ሕዝብ የሲንሲናቲን ፍርድ ቤት ባቃጠለ ጊዜም የሃሚልተን ካውንቲ ብዙ መዛግብት አመድ ሆነዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ ጋዜጣው፣ የቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገብና የመቃብር ስፍራው መዝገብ የመጀመሪያ ማስረጃ ይሆናሉ። ከ1850 እስከ 1880 በተካሄዱት አራት የሕዝብ ቆጠራዎች ከሰኔ 1 በፊት በነበሩት 12 ወራት የሞቱትን የሚዘረዝር የተለየ ቅጽ ስለተሞላ፣ ከአሥር ዓመቱ የአንዱን ዓመት ሟቾች ከዚያ ማግኘት ይቻላል።

ዛሬ ብዙው ጥራዝ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በሶልት ሌክ ሲቲው የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ድርጅት በፋሚሊ ሰርች በነፃ ይገኛል፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ክሮኒክሊንግ አሜሪካ በተባለው ስብስብ የቆዩ ጋዜጦችን ለንባብ አቅርቧል። ይሁንና በስም ሲፈለግ አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ማውጫው የእጅ ጽሑፉን አሳስቶ አንብቦ ወይም ጥራዙ ማውጫ ሳይሠራለት ቀርቶ ይሆናልና፣ ገጹን አንድ በአንድ መግለጥ አሁንም አይቀሬ ነው። የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጆች ወላጆቻቸውን ሲፈልጉ ይህ ይብስባቸዋል፤ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ አባትና ልጅ በተለያየ ፊደል ሥር ይመዘገባሉ፣ አንዱ ስምም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት ዓይነት ይጻፋል።

የቅርብ ዘመን ሰነዶች በሕግ ይጠበቃሉ። ቴክሳስ የሞት መዝገብን ለሁሉም ክፍት የምታደርገው ከ25 ዓመት፣ ፔንሲልቬኒያ ደግሞ ከ50 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የሚጠይቅ ሰው ዝምድናውን ማስረዳት ይኖርበታል። ለመዝገብ ያዡ የሚላከው ማመልከቻም የሟቹን ስም ከነተለዋጭ አጻጻፉ፣ የታውንሺፑን (በካውንቲው ውስጥ ያለውን ንዑስ የአስተዳደር ክፍል) ወይም የከተማውን ስምና የሚገመተውን ዓመት ከሁለት ሦስት ዓመት ወሰን ጋር ቢይዝ፣ የቤተሰቡን ታሪክ በሙሉ ከሚተርክ ደብዳቤ ይልቅ ፈጥኖ ምላሽ ያገኛል።