በረዶ ለመሣል እርሳስ ለምኔ?

እ.ኤ.አ. በ1843 ሄንሪ ኮል የተባለ የለንደን የመንግሥት ሠራተኛ ለገና ሰላምታ የሚጽፍላቸው ወዳጆች ቢበዙበት፣ ለሠዓሊው ለጆን ካልኮት ሆርስሊ ነግሮ ካርድ አሠራ። ለገበያ ከቀረቡት የገና ካርዶች ቀዳሚው ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ካርድ መስመሩ ታትሞ፣ ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነበር፤ ዋጋው አንድ ሽልንግ፣ ለተራ ሠራተኛ የማይቀመስ። (ሥዕሉ ላይ በረዶ የለም፤ ያለው ጽዋ ያነሣ ቤተሰብ ነው።) ዛሬም የበረዶ ወራት ካርድ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ብዙ ሰዎች አካሄዳቸው ያው ነው፤ አስቀድመው በእርሳስ ይነድፋሉ፣ ከዚያ መስመሩን በቀለም ይሞላሉ። ለሰው ምስል ይህ ያስኬዳል። በውሃ ቀለም በረዶ ለመሥራት ለተነሣ ግን፣ ጀማሪም ቢሆን፣ ያለ ንድፍ በብሩሽ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ያለው ቀለሙ ውስጥ ነው። የውሃ ቀለም የላመ የቀለም ዱቄትና የግራር ሙጫ ውሕድ ነው፤ ሙጫው በሱዳንና በእኛም ቆላ ከሚበቅል ግራር የሚለቀመው ነው። በውሃ ሲቀጥን ብርሃን ያሳልፋል፤ ብርሃኑም ወረቀቱ ላይ አርፎ ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ስለዚህ እዚህ ሙያ ላይ ነጩ ቀለም ወረቀቱ ራሱ ነው። በረዶ የለበሰ ሜዳ የሚፈልግ ሰው ሰማዩን ቀብቶ የታችኛውን ወረቀት ሳይነካ ይተወዋል። ፀሐይ ያልደረሰበትን በረዶ የሚያበራው የሰማዩ ብርሃን በመሆኑ ጥላው ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ አንድ ጊዜ በቀጭን ሰማያዊ ማስኬድ ሜዳውን ጉብታና ስርጉድ ያለው ያስመስለዋል። እርሳስ ግን በዚህ ስስ ቀለም ሥር ገብቶ ይታያል፤ ቀለም ከደረቀበት በኋላ ደግሞ በላጲስ ለማጥፋት ያስቸግራል። በዚያ ላይ በጭጋግ ውስጥ ያለ በረዶ ከሰማዩ የሚለየው መስመር የለውም። ቀድሞ በረጠበ ወረቀት ላይ ብሩሹን ጣል ሲያደርጉት ቀለሙ ራሱ ይሰራጭና የሩቅ ዛፍ ይሆናል። ቀለሙ ገና ሲያብረቀርቅ ጥቂት የገበታ ጨው ቢበተንበት፣ እያንዳንዱ ፍሬ ዙሪያውን ያለውን ውሃ ይስብና ሲደርቅ የበረዶ ብናኝ የመሰለ ፈዛዛ ኮከብ ይተዋል። የትኛው ኮከብ የት እንደሚወጣ የሚያውቅ የለም፤ ታዲያ ምኑ ይነደፋል?

«እጄ ሥዕል አያውቅም» የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። ያልሠለጠነ እጅ ፊት ወይም ፈረስ ሲሥል መጋለጡ አይቀርም። ጽድ ላይ ግን ማን ቅርንጫፍ ይቆጥራል? ከላይ ሹል፣ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄድ ጥቂት የብሩሽ ጭረት ይበቃዋል። ቤት የግድ ካስፈለገ የጣሪያውን ጫፍ በሁለት ነጥብ ማመልከት ነውር የለውም። ወረቀት ይባክናል ለሚለውም መልስ አለ። እርግጥ ስስ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጎብጣል፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ይችላል፣ ግን ውድ ነው። ትልቁን ገጽ ለስምንት ቆርጦ መሣልና የተሳካውን ብቻ በታጠፈ ካርድ ላይ መለጠፍ ወጪውን ያቃልላል፤ የተበላሸው ጀርባው ቀለም መሞከሪያ ይሆናል። ወፍራም ነጭ ቀለም እያለ ይህ ሁሉ ለምን የሚሉም አሉ። ለሚወርደው በረዶ፣ በስተመጨረሻ ጠብ ጠብ ለማድረግ፣ ጥሩ ነው፤ ሜዳውን ሁሉ ከሸፈኑበት ግን ጠመኔ ይመስልና የወረቀቱ ብርሃን ይጠፋል።

የታተመው ካርድ ይበልጥ ንጹሕ ነው ከተባለ፣ አዎ፣ ነው። ይሁንና ለእንቁጣጣሽ ወንዶች ልጆች ፀሐይና አበባ ሥለው ሲያመጡልን የአበባው ቅጠሎች እኩል መሆናቸውን የሚለካ ጎረቤት የለም፤ ልጁ እንደደከመበት አይቶ ሳንቲም ይሰጣል እንጂ። በስቶክሆልም ወይም በሚኒያፖሊስ የሚኖር የአገራችን ሰው ለበረዶ አገር ጎረቤቱ የሚልከው ካርድም የሚታየው በዚሁ ዓይን ነው። ብቻ መልእክቱን ከመጻፉ በፊት ወረቀቱ እስኪደርቅ ይታገሥ፤ እርጥብ ወረቀት ላይ የብዕር ቀለም ይሰራጫል።