ዳዋ የዋጠው መሬት ለወገን ቀለብ

ደብተርና እርሳሳችሁን ይዛችሁ ተቀምጣችኋል? መልካም። የዛሬው ንግግራችን ዳዋ የዋጠውን መሬት ስለ ማልማት ነው። ምርቱም ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያንና ወላጅ ላጡ ልጆች የሚሰጥ ነው።

በብዙ መንደር ቁጥቋጦና የወፍ ቆሎ የወረሰው ቦታ አለ። የወፍ ቆሎ ከብት ቢበላው ይመርዘዋል። እንዲህ ያለውን ቦታ የዕድር አባላት ተባብረው ሊያለሙት ይችላሉ። በመጀመሪያ ግን ቀበሌውን ያስፈቅዱ። ደግሞም ልብ በሉ፤ ዳዋና ደን አንድ አይደሉም። ነባር ደን አይመነጠርም። ደን ከተመነጠረ አፈሩን ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል።

አንደኛ፣ ምንጣሮ። ወይራ፣ ዋንዛና ብሳና ካሉ አትንኳቸው። ጥላ ይሆናሉ፤ ቅጠላቸውም አፈር ያዳብራል። የወፍ ቆሎን በገጀራ ብቻ ብትቆርጡት ተመልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ በዶማ ከነሥሩ ንቀሉት። የተመነጠረውን አታቃጥሉ። ቅጠል የመሬት ምግብ ነው፤ ምግብ ደግሞ አይቃጠልም።

ሁለተኛ፣ ብስባሽ። ጥላ ባለበት ቦታ ከሥር ጭራሮ አንጥፉ፤ አየር ያስገባል። በላዩ ደረቅ ሣርና ገለባ፣ ቀጥሎ እርጥብ ቅጠል፣ ቀጥሎ የከብት እበት፣ ከዚያም ትንሽ አፈርና አመድ። ውኃ አርከፍክፉበት። ቁመቱ 1 ሜትር ያህል እስኪደርስ በዚሁ ተራ ደራርቡ። መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ከሳምንት በኋላ ንቀሉና ዳስሱት። ሞቆ ከወዛ ደግ ነው። ደርቆ ከቀዘቀዘ ውኃ ጨምሩ። በየጊዜው አገላብጡት። ከ3 እስከ 4 ወር ውስጥ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል ማለት ነው።

ይህ ነገር በአገራችን የተፈተነ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር አነሳሽነት የትግራይ ገበሬዎች በብስባሽ መሥራት ጀመሩ። ምርታቸውም ጨመረ።

ሦስተኛ፣ ተከላ። መደቡን ከዳገት ወደ ቁልቁለት ሳይሆን አግድም አውጡ፤ ጎርፍ ይገታል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ሽንኩርት ትከሉ። ጎመን በነበረበት መደብ በሚቀጥለው ጊዜ ባቄላ ዝሩበት፤ የባቄላ ሥር መሬቱን ያበለጽጋል። ተባይ ሲመጣ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ ወቅጣችሁ በውኃ በጥብጡ። አጥልላችሁ ቅጠሉ ላይ እርጩት።

አራተኛው ነገር ከሁሉም ይከብዳል። እርሱም ክፍፍል ነው። ብዙ የጋራ ሥራ የፈረሰው በድርቅ ሳይሆን በጠብ ነው። ስለዚህ ምርቱ ለማን እንደሚሰጥ፣ ለዘር ምን ያህል እንደሚቀር ገና ሳይዘራ ተስማሙ። የተስማማችሁበትንም ጻፉ። ስንት ኪሎ ተለቀመ? ለማን ተሰጠ? በስንተኛው ቀን? ይህን መዝገብ የሚይዘው ሰው ከሩቅ አይመጣም። ትናንት ፊደል የቆጠራችሁት እናንተው ናችሁ። የቃል ነገር ይረሳል፤ የተጻፈ ግን ያስታርቃል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። በሉ፣ በየቡድናችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ፦

1. የተመነጠረ ቅጠል ለምን አይቃጠልም?
2. በመንደራችሁ ዳዋ የዋጠው ቦታ የት ነው?
3. ከመጀመሪያው ምርት ለማን ትሰጣላችሁ?

መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ደኅና ሁኑ።